በከረጢቱ ውስጥ የነበረው እጅ

ሰዓደት ጩኸቱን የሰማችው በአባቷ ሱቅ ገመድ እየጠቀለለች ሳለ ነው። የመርካቶው ጭድ ተራ ጩኸት ጠፍቶበት አያውቅም፤ ይሄኛው ግን ሌላ ነበር። እዚያ ያደገ ሰው ይለየዋል። ሰው ሊደበደብ ነው።

«የሕፃን እጅ ተገኘበት» አለ አንዱ በበሩ እየሮጠ ሲያልፍ። «በከረጢት ይዞ ሲሄድ።»

ከአብነት ሰፈር ሕፃን ጠፋ የሚል ወሬ ከትናንት ጀምሮ ገበያውን ሲያምሰው ነበር። እሷን ያስፈራት ግን ሌላ ነው። አጥንት በከረጢት ይዞ መርካቶ የሚዞር ሰው የምታውቀው አንድ ብቻ ነው።

አብራር የባዮሎጂ መምህር ነው። በክረምቱ፣ ለተማሪዎቹ አጥንት የሚያያይዝበት ቀጭን ሽቦ ሊገዛ መጥቶ ተዋወቁ። ከዚያ በኋላ ሽቦው ቶሎ ቶሎ ያልቅበት ጀመር። አባቷ ሐጂ እንድሪስ ለሰላት ሲወጡ ባንኮኒው ላይ አጥንቶቹን ይደረድርላታል፤ የድመት የፊት እግር፣ የሌሊት ወፍ ክንፍ።

«ከላይ አንድ አጥንት» ይላል ቀስ ብሎ። «ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያ ጥቃቅኖቹ፣ ከዚያ ጣቶች። ያንቺም እንደዚሁ ነው።»

«አንዱ ይበራል፣ አንዱ ይራመዳል። ምን አገናኛቸው?»

«ሥራቸው ተለያይቶ አወቃቀራቸው አንድ የሆነው ከአንድ ጥንታዊ ዘር ስለወረዱ ነው።» ከአፋር የተቆፈሩ፣ ድንጋይ የሆኑ አጥንቶችን ፎቶ በስልኩ ያሳያታል። «እነዚህ ደግሞ በመሃል ኖረው የጠፉት ናቸው። ማን ከማን እንደሚዛመድ ይነግሩናል።»

«ሰውም?»

«ሰውም።»

«አባዬ ይሄን ቢሰሙ ሁለተኛ በዚህ በር አትገባም።»

እጃቸው ከአጥንቶቹ አጠገብ፣ ሳይነካካ፣ ባንኮኒው ላይ ይቆያል።

አሁን ገመዱን ጥላ ሮጠች። ሰዉን በክርኗ እየገፋች ገባች። ጋሪ የአብራርን ከረጢት ቀዶት አጥንቱ መሬት ላይ ተበትኗል፤ በሽቦ የተያያዘ ትንሽ እጅም በመሃሉ ወድቋል። እሱ ተንበርክኳል፤ ከቅንድቡ ደም ይወርዳል። በላዩ ላይ ተሸካሚው ዱባለ ዱላ ይዞ ቆሟል። ከዱባለ ጎን ደግሞ አባቷ አሉ።

«የዝንጀሮ ነው» ይላል አብራር። የሚሰማው የለም።

ከተናገረች አባቷ ሁሉንም ያውቃሉ። ካልተናገረች ዱላው ይወርዳል።

«ዱባለ፣ አንዴ ስማኝ» አለች። ድምፁ የራሷ አልመሰላትም። ተንበርክካ እጇን ከትንሹ እጅ አጠገብ ዘረጋች። «አውራ ጣቱን እየው፣ አጭር ነው። መዳፉ ረጅም፣ ጣቶቹ አጫጭር። የሕፃን እጅ እንዲህ ነው?»

«ታዲያ የሰው ለምን መሰለ?»

በጥጥ የተጠቀለለውን የሌሊት ወፍ ክንፍ ፈታች። የድመቱንም አነሳች። ጎን ለጎን ደረደረቻቸው። «ይሄም አምስት ጣት አለው፤ ይሄም። ከላይ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት አጥንት። ሁሉም ይመሳሰላሉ። ሁሉም የሕፃን ናቸው?»

ዱባለ ጎንበስ ብሎ የድመቱን እግር አየ፤ የራሱን ክንድ ዳሰሰ። ዱላውን ዝቅ አደረገ። ያኔ ፖሊስ ደረሰ።

«ከየት አወቅሽው?» አሏት አባቷ።

«እሱ ነው ያስተማረኝ። ሱቃችን ውስጥ።»

ሐጂ እንድሪስ ፊታቸውን አዞሩባት። አብራርን ይዞ የሚሄደውን ፖሊስ ተከትለው ሄዱ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

አባቷ ሲመለሱ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። አብራር ግንባሩ በፋሻ ታስሮ ከኋላቸው ቆሟል።

«የዝንጀሮ መሆኑን ሐኪም አይቶ መሰከረ» አሉ። «ሕፃኑም አክስቱ ቤት ነው የተገኘው።» ወደ አብራር ዞሩ። «ስለ ዝምድናው እኔና አንተ አንስማማም። ልጄ ግን ዱላ ስር ገብታልሃለች። እንግዲህ ሽማግሌ ላክ።»

ሰዓደት ያኔ ነው ያለቀሰችው።

ተጋቡ፤ ሲኒማ ራስ አጠገብ ይኖራሉ። ፍርሃቱ ግን አልለቀቃትም። ገበያው በጮኸ ቁጥር የያዘችውን ትታ ወደ በሩ ትወጣለች፤ መንገዱን እያየች ትቆማለች። አብራር ሲመጣ እጁን ይዛ ወደ ውስጥ ታስገባዋለች።