ትርሲት በመደገፊያ ቀናች

የትርሲት አባት ወድቆ ኅብለ ሰረሰሩ ከተጎዳ ወዲህ፣ የሚንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። ከጀርባው ትራስ አለ፤ ትራሱ ግን አርፎ አይቀመጥም።

ሸርተት! ይላል ትራሱ። ዘንበል! ይላል አባቢ።

እንዳይወድቅ በአንድ እጁ ዊልቸሩን ጨብጦ ይጣራል። «የኔ ምሰሶ፣ የት ነሽ?»

ትርሲት ሮጣ ትመጣለች። ገፋ! ገፋ! ቀጥ!

«ያለ እኔ እኮ አይሆንለትም» ትላለች፣ ደረቷን ነፍታ።

አንድ ጠዋት፣ ዊልቸር ከሚያስተካክሉት ከጋሽ ደረበ ዘንድ ሄዱ። «ትራሱ ይብቃህ፤ ልክህ የሆነ የጀርባ መደገፊያ እንምረጥ» አሉት አባቢን።

ትርሲት መደገፊያዎቹን በክፉ ዓይን አየቻቸው። በመደገፊያ ይቀናል እንዴ? እሷ ግን ቀናች። ቅጥል አለች!

«እነሱ ከመጡ እኔን ማን ይጠራኛል?» ብላ አሰበች።

መጀመሪያ አጭሩ ተገጠመ። ቂጭ! ቂጭ! አባቢ ዘንበል!

«እሰይ!» አለች ትርሲት በልቧ።

ቀጥሎ ረጅሙ ተገጠመ። ቂጭ! ቂጭ! አባቢ ጎማውን ሊገፋ ሲል ትከሻው ገጭ! ገጭ!

«እሰይ! እሰይ!»

ሦስተኛው መካከለኛ ነው፤ ግራና ቀኝ ጎኑንም ደገፍ ያደርጋል። ቂጭ! ቂጭ!

ሸርተት የለም። ዘንበል የለም።

ጋሽ ደረበ ወደ ትርሲት ዞሩ። «የአባትሽን አቀማመጥ እንዳንቺ የሚያውቅ የለም። እስቲ እዪልን፣ ቀጥ ብሏል?»

ቀጥ ብሏል። ትርሲት በደንብ አይታለች።

«ዘንበል ብሏል!» አለች።

ጋሽ ደረበ ሊፈቱት መፍቻቸውን አነሱ። አባቢ ቅር አለው።

«ተመችቶኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ግን ምሰሶዬ ‹ዘንበል ብሏል› ካለች፣ ልክ ናት።»

ትርሲት ይህን ስትሰማ እንባዋ መጣ።

«አይፍቱት ጋሽ ደረበ! ቀጥ ብሏል! ዋሽቼ ነው!»

«ለምን ዋሸሽ የኔ ልጅ?» አለ አባቢ።

«ቀንቼ ነዋ! ከእንግዲህ አትጠራኝም ብዬ።»

አባቢ ጉንጯን ጠረገላት። ጋሽ ደረበም ብሎኑን አጠበቁት፤ ቂጭ! ቂጭ!

ቤት ገቡ። እራት ተበላ። ትራሱም ትርሲት አልጋ ላይ ሄዶ ተጋደመ።

«የኔ ምሰሶ፣ የት ነሽ?»

ትርሲት ልትገፋ እጆቿን ዘርግታ ሮጠች። ግን ሸርተት የለም። ዘንበል የለም።

«ታዲያ ለምን ጠራኸኝ?» አለች ግራ ገብቷት።

አባቢ ዊልቸሩን ለቀቀ። አንድ እጁን ዘረጋ፤ ሌላውንም ዘረጋ።

ከዚያ ትርሲትን በሁለት እጁ እቅፍ አደረጋት።