ለሁሉም ሰባ ሁለት

ፋኖሱን ዝቅ አድርጉት። ዝቅ አልኩ እንጂ አጥፉት አልወጣኝም።

ድሮ ነው፣ አንድ መንደር ውስጥ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ ጨረቃ የለችም። ከጤና ጣቢያው ወደ ቤቱ በሚወስደው ቀጭን የቁልቋል መንገድ ድሬሰር ወንድይፍራው ብቻውን ይሄዳል። ፈርቶ ነበር? አልፈራም። እንቅልፉ መጥቶበት ነበር።

ወንድይፍራው ክፉ ሰው አይደለም። እጀ ቀላል ነው፤ መርፌ ሲወጋ ሕፃን እንኳ አያለቅስም። አንዲት አመል ብቻ ነበረችው። የልብ ክኒን ከመሰጠቱ በፊት የበሽተኛው ትርታ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቆጠራል። ከስልሳ ካነሰ ክኒኑ አይሰጥም፤ ልብን ጨርሶ ሊያስተኛት ይችላል። ይህን ያውቃል? አሳምሮ ያውቃል። ግን ማን ይቆጥራል? ለሁሉም ሰባ ሁለት ብሎ ይጽፋል። በዚያ ምሽትም ጤና ጣቢያው ውስጥ ለተኙት ለወይዘሮ አትጠገብ ሰባ ሁለት ብሎ ጻፈና ክኒኑን ለልጃቸው ሰጥቶ፣ "ራት ሲበሉ ስጫቸው" ብሎ ወጣ።

ሲሄድ ከኋላው ሳል ሰማ። ዞረ። ማንም የለም። ሄደ። ደግሞ ሳል። ዞረ። ማንም የለም። በሦስተኛው አልዞረም። ሳሉ ከፊቱ ነበር።

ነጭ ጋቢ ቆሟል። ከጋቢው ውስጥ አንድ ክንድ ወጣ።

"ድሬሰር፣ ትርታዬን ቁጠርልኝ።"

"መሽቷል አባቴ፣ ነገ ይምጡ።"

"ነገ አይመቸኝም።"

ምን ያድርግ? ክንዱን ያዘ። ይቀዘቅዛል። ብርዱ ነው አለ በልቡ። ሰዓቱን በባትሪ እያየ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረ። ስንት አገኘ? ምንም። ደግሞ ቆጠረ። ምንም።

"ስንት ነው?"

"አባቴ… የለም እኮ።"

"ያኔ አርባ ነበር። አንተ ሰባ ሁለት ብለህ ጻፍክልኝ፤ እኔም ክኒኑን ዋጥኩ።"

ባትሪውን ቀና አደረገ። አያ ዘለለው ናቸው። ከተቀበሩ ሦስት ሳምንታቸው ነው፤ ለቅሷቸው ላይ ወንድይፍራው ራሱ ንፍሮ በልቷል።

"ከጎኔ ያለው ቦታ ለአትጠገብ ነው" አሉት። "ሴትዮዋን አውቃታለሁ፤ ወሬዋ አያልቅም። እባክህ፣ አሁን አታምጣብኝ።"

ያን ጊዜ ወንድይፍራው ፈራ። ከሞቱት ይልቅ ያልሞቱት አስፈሩት። ወደ ጤና ጣቢያው ሮጠ። ሲደርስ ልጅቱ ክኒኑን በአንድ እጇ፣ ውኃውን በሌላው ይዛ ቆማለች።

"ቆይ፣ እንዳትሰጫቸው" አለና የእናቲቱን ክንድ ያዘ። ቆጠረ። አርባ ስድስት።

ክኒኑን ወደ ብልቃጡ መለሰ። ሌሊቱን ሙሉ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ በየሰዓቱ ሲቆጥር አደረ። ወይዘሮ አትጠገብም ሲያወሩ አደሩ። ሲነጋ ትርታቸው ስልሳ ሁለት ገባ።

ያችን ሰባ ሁለት ሊሰርዝ መዝገቡን ገለጠ። ተሰርዛለች። ከጎኗ አርባ ስድስት ተጽፏል፤ የተጻፈውም በአፈር ነው።

ከዚያ ወዲያ በዚያ መንገድ ብቻውን አልሄደም። እናንተም አትሂዱ። ሳይቆጥሩ መጻፍ ግን ከዚያ መንገድ ይብሳል።

አሁን ሁላችሁም ከጎናችሁ የተቀመጠውን ሰው ክንድ ያዙ። አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ።

አንቺ፣ ስንት አገኘሽ?

ደግመሽ ቁጠሪ።