በውሃው ብርጭቆ ግርጌ

ክሩን በምራቋ አርጥባ በመርፌው ቀዳዳ ለማሾለክ ስትታገል ስልኩ ጮኸ። የካፖርቷ ቁልፍ በአንዲት ክር ከተንጠለጠለ ሰንብቷል። መርማሪዋ መርፌውን ኮሌታው ላይ ሰካችና ስልኩን አነሳች።

«አንድ አናጢ ሞቷል» አለ አለቃዋ። «ልጁ የእንጀራ እናቴ መርዛ ገደለችው ይላል። ሴትዮዋን ይዘናታል። ቀላል ነው፣ ሄደሽ ጨርሺው።»

አለቃዋ ቀላል ነው ያለው ነገር ቀላል ሆኖ አያውቅም። ካፖርቷን እንደነበረ ደርባ ወጣች።

መኖሪያ ቤቱ ከአናጢው የእንጨት ሥራ ቤት ጀርባ፣ በዚያው ግቢ ውስጥ ነበር። ሟቹ ራሱ በሠራው ሰፊ አልጋ ላይ ተጋድሟል። ድዱና አፍንጫው ላይ ደም ደርቋል፤ ሆዱ ተነፍቷል፤ ክንዶቹን ጥቃቅን ቀያይ ነጠብጣቦች ሞልተዋቸዋል። ከራስጌው ባለች ጠረጴዛ ላይ የብርቱካን ጭማቂ የተረፈበት ብርጭቆ፣ የውሃ ብርጭቆና ያልተከፈተ የፓራሲታሞል እሽግ ተቀምጠዋል።

«በደንጊ ትኩሳት ታሞ ነበር፣ አልክድም» አለ ልጁ። ጢሙን ያሳደገ፣ የአባቱን ሰፊ ትከሻ የወረሰ ጎልማሳ ነው። «ግን ድኖ ነበር። ትናንት ትኩሳቱ ለቀቀው፤ ቁጭ ብሎ ቀለደብኝ። ሴትዮዋ ጭማቂ ሰጠችው፣ ከዚያ ሆዴን አለ፣ ማስመለስ ጀመረ፣ ዛሬ ጠዋት ይኸው። የዳነ ሰው ይሞታል?»

«ሴትዮዋ የምትላት የእንጀራ እናትህን ነው?»

«የአባቴን ሚስት ነው።»

መርማሪዋ የጭማቂውን ብርጭቆ አሽትታ መለሰችው። የውሃውን ግን አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው። ግርጌው ላይ ነጭ ዝቃጭ ረግቷል፤ በዝቃጩ ውስጥ ደግሞ የደቀቀ ቀይ ነገር ተበትኗል። ሁለቱንም ብርጭቆዎች ጠቅልላ ያዘች።

«እሱ እኮ ውሃ ነው፣ ኢንስፔክተር።»

«ውሃማ ነው።»

እንጨት ሥራው ውስጥ አንድ ሽማግሌ ብቻውን ጣውላ ይለካል። የሟቹ የረጅም ዘመን የሥራ ባልደረባ ነው።

«ጋሽ ሜትር የሚሉዎት እርስዎ ነዎት?»

«ሌላ ሜትር ካላዩ እኔው ነኝ።»

«ሲታመም ገብተው ጠይቀውታል?»

«በመስኮት። እሷ ምንጣፏን አጥባ አትጠግብም፣ እኔ ደግሞ ጫማዬን አላምነውም። እሷም ብናኙን ጠልታ እዚህ ረግጣ አታውቅም።»

«ከዚህ በፊትስ እንዲህ ታሞ ያውቃል?»

«እሱ? እሱን በሽታ አይደፍረውም።»

«እንዲህ የሚለው እሱ ነው። እኔ የጠየቅሁት እርስዎን ነው።»

ሽማግሌው ሜትሩን ስቦ ለቀቀው፤ ቀጭ ብሎ ገባ። «ወጣት ሳለን ወደብ ላይ ሳጥን እንሠራ ነበር። አጥንቴ ተሰባበረ እያለ ተኛብኝ፤ ግንባሩ ምጣድ ሆነ። ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያው ነበር። ሲነሳ ለማንም እንዳትናገር አለኝ። አልተናገርኩም።»

«ለሐኪም እንኳ?»

«ሐኪም ሰው አይደለም እንዴ?»

መርማሪዋ በረጅሙ ተነፈሰች። ልትቆጣው ፈለገች፣ ግን ሽማግሌው በታማኝነቱ የሚኮራ ይመስላል፤ ለዚህ ምን ይደረጋል? ዓይኗን ወደ መጋዙ መለሰች። ማሽኑ አጠገብ ደም የመሰለ ቀይ ጣውላ ተደርድሯል።

«ይህ መቼ መጣ?»

«እሱ ከተኛ በኋላ። መርጦ ያዘዘው እሱ ነበር፣ ሳያየው ሄደ።»

ከመጋዙ በላይ፣ ምስማር ላይ፣ ክዳን የሌለው የብስኩት ቆርቆሮ ተንጠልጥሏል። አወረደችው። ውስጡ ክብ፣ ሞላላ፣ ትልቅ፣ ትንሽ፣ ሁሉም ዓይነት ክኒን ተደባልቋል፤ ላዩን ቀይ ብናኝ ለብሷል።

«የወገብ መድኃኒታችን ነው» አለ ጋሽ ሜትር። «የተረፈው ይጥልበታል፣ ያመመው ያነሳበታል።»

«ምን ምን አለበት?»

«እኔ እንጃ። የሚያስታግስ።»

ጣቢያ ስትደርስ የሟቹ ሚስት ሽርጧን እንዳደረገች፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ አገኘቻት።

«ጭማቂውን ማን ጨመቀው?»

«እኔ።»

«ከጭማቂው ሌላ ምን ወሰደ?»

ሴትየዋ የሽርጧን ጫፍ አጠፈች።

«ያከመችውን ዶክተር አነጋግሬያለሁ፤ ከፓራሲታሞል ሌላ እንዳይቀምስ አዛ ነበር። እሽጉ አልተከፈተም። አጥንቱ የሚነድ ሰው ያለ ማስታገሻ እንዴት አደረ?»

«ቻለው።»

«እህቴ፣ ነገ ዓቃቤ ሕግ ፊት ትቀርቢያለሽ። ዕድሜሽን እስር ቤት ልትጨርሺው ነው። ይገባሻል?»

«ይገባኛል።» ሴትየዋ ቀና አለች። «ያ ቁልፍዎ ሊወድቅ ነው።»

መርማሪዋ ብድግ ብላ ወጣች። ኮሪደሩ ውስጥ ግድግዳውን በቡጢ መታችው፤ ያመማት ግን እጇን ብቻ ነበር። አንዱ ያለፈ በሽታውን ይደብቃል፣ አንዱ የወዳጁን ምስጢር ይጠብቃል፣ ይህቺ ደግሞ ነጻ የሚያወጣትን ቃል ጉሮሮዋ ላይ ይዛ ስለ ቁልፍ ታወራለች።

በማግስቱ ማለዳ አለቃዋ ደወለ። «ጭማቂው ንጹሕ ነው። ያ ውሃሽ ግን አስፕሪን አለበት። አስፕሪን ደግሞ ማንም የሚውጠው ነገር ነው። ልክሰሳት ወይስ ልልቀቃት?»

«እስከ እኩለ ቀን ታገሰኝ። እሷን ይዘህ ወደ እንጨት ሥራው ና።»

ማሽኖቹ ጸጥ ብለዋል። ዶክተሯ በርጩማ ላይ፣ ጋሽ ሜትር ጣውላው ላይ ተቀመጡ። ልጁ ቆሟል። ሚስቲቱ በሩ አጠገብ፣ በፖሊስ ታጅባ ቆመች፤ ይህን ደጃፍ ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። አለቃው ሰዓቱን ያያል።

«ትኩሳቱ ሲለቀው ዳነ ብላችኋል» አለች መርማሪዋ። «ዶክተር፣ ድኖ ነበር?»

«አልዳነም። ደንጊ አደገኛ የሚሆነው ትኩሳቱ ሲወርድ ነው። ሆዱን ካመመው፣ ካስመለሰው ሮጣችሁ አምጡት ብዬ ነበር።»

«አልሄድም አለ» አለች ሚስቲቱ በቀስታ። «ትኩሳት የሌለው ሰው ክሊኒክ ምን ይሠራል አለኝ።»

«እሺ። ሆዱን ያመመው ጭማቂ አይደለም ማለት ነው። አሁን ወደ ወደቡ እንመለስ። ጋሽ ሜትር፣ ይንገሯቸው።»

ሽማግሌው አቀርቅሮ ስለ ሟቹ የወጣትነት ትኩሳት ተናገረ። ዶክተሯ እጇን ግንባሯ ላይ ጫነች።

«ጠይቄው ነበር እኮ። ታምሜ አላውቅም ብሎ ሳቀብኝ። ባውቅ ኖሮ አስተኛው ነበር።»

«አንዴ ከያዘው ሰውነቱ አይለምደውም እንዴ?» አለ አለቃው።

«ያንኑ ዓይነት ይለምዳል። የደንጊ ቫይረስ ግን አራት ዓይነት ነው። ሰውነት ለመጀመሪያው ያዘጋጃቸው ፀረ እንግዳ አካላት ሁለተኛው ሲመጣ ይይዙታል እንጂ አይገድሉትም፤ ይባስ ብለው እየመሩ ሴሎቹ ውስጥ ያስገቡታል። ያን ጊዜ ሰውነት ያለ የሌለ ኃይሉን ይለቃል። የደም ሥሮች ያፈሳሉ፣ ፈሳሹ ወደ ሆድ ይወጣል፣ ደም የሚያረጉት ሴሎችም ያልቃሉ። ጠባቂው ነው ቤቱን የሚያፈርሰው።»

«በዚያ ላይ አስፕሪን ቢጨመርበትስ?»

«ደሙ ጭራሽ አይቆምም። ስለዚህ ነው የከለከልኩት። ለእሱና ለእሷ ብቻ ነው የነገርኳቸው፤ ሌላ ሰው አልነበረም።»

መርማሪዋ የብስኩቱን ቆርቆሮ ጣውላው ላይ አኖረችው።

«የውሃው ብርጭቆ ግርጌ ላይ ቀይ የእንጨት ብናኝ ነበር። ቀዩ እንጨት የመጣው እሱ ከተኛ በኋላ ነው፤ ስለዚህ በልብሱ ይዞት የገባ አይደለም። ክኒኑ ከዚህ ቆርቆሮ ሄዶ ውሃ ውስጥ ሟሟ። ማን ወሰደለት? ሚስቱ እዚህ ገብታ አታውቅም። ጋሽ ሜትር ከመስኮት አላለፉም።»

ልጁ ቆርቆሮውን አየ። ከዚያ እጁን አየ።

«እኔ ነኝ» አለ። «አጥንቴ አለ። ያቃስት ነበር። እኛ ሁሌ የምንወስደው... መዋጥ አቃተኝ ሲል በጥብጬ ሰጠሁት። ማስታገሻ ነው እኮ።»

«እሱስ ክልክል መሆኑን እያወቀ ለምን ጠጣው?» አለ አለቃው።

«ከልጁ እጅ ነዋ» አለች ሚስቲቱ። «ከሕመሙ ጋር ደግሞ። ደም ሲያስመልሰው ነው የነገረኝ። ልጄ እንዳይሰማ አለኝ፤ ይህን ተሸክሞ መኖር አይችልም አለኝ።»

«ዝምታሽ ነው የነገረኝ» አለች መርማሪዋ። «ለጋሽ ሜትር ብለሽ አትታሰሪም። በአደባባይ ነፍሰ ገዳይ ላለሽ ሰው ዝም የምትይው ሟቹ ለምኖሽ ከሆነ ብቻ ነው። የሚለምንሽም ለአንድ ሰው ብቻ ነበር።»

ልጁ ወደ ዶክተሯ ዞረ። «ባልሰጠው ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

«ሊተርፍ ይችል ነበር። ላይተርፍም ይችል ነበር።»

«አንዱን ንገሪኝ።»

«አላውቅም። እውነቴን ነው፣ አላውቅም።»

«ታዲያ ማንን ልያዝ?» አለ አለቃው።

«ማንንም» አለች መርማሪዋ በብስጭት። «ልቀቃትና እንሂድ።»

ፖሊሱ ከሚስቲቱ አጠገብ ዞር አለ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። መጨረሻ ላይ ልጁ እግሩን እየጎተተ ወደ በሩ ሄደና ከፊቷ ቆመ፤ ዓይኗን ማየት አልቻለም።

«እትዬ» አለ። «ወደ ቤት እንግባ።»

ሽርጧን አራግፋ ቀድማው ወጣች።

መርማሪዋ ቢሮዋ ስትመለስ መርፌው ኮሌታዋ ላይ እንደተሰካ ነበር። የሙት ኑዛዜ አፍርሳ ሕያው ሴት አስፈትታለች፤ ልጁ ዛሬ እንዴት እንደሚተኛ ግን ምርመራው አይነግራትም። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ለማሾለክ ሞከረች፤ ሳተችው። እንደገና ሞከረችና ገባላት። ቁልፉን አጥብቃ ሰፋች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ ካፖርቱን ወንበሩ ላይ አኖረችው።