ትኩሱ የፋንድያ ክምር

ሟቹን ያገኙት ዶሮዎች ናቸው። ከፈረሶቹ ጋጣ ጀርባ የተቆለለውን ፋንድያ ግርጌውን ለትል ሲጭሩ የቦት ጫማ ሶል ብቅ አለ። ጎረቤት ያሉት አሮጊት አትክልተኛ ከአጥሩ ማዶ አይተው ጮኹ። መርማሪዋ ስትደርስ ፖሊሶች ሰውየውን በእግሩ ጎትተው አውጥተው ሸራ ላይ አጋድመውት ነበር።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «አፍንጮ» ይሏታል። መጥፎ ሽታ አይሆንላትም፤ ሌላው ያልሸተተው ግን አያመልጣትም። ያን ዕለት አፍንጫዋን ቆርጣ ብትጥለው ደስ ባላት። የፈረስ ሽንቱ ዓይን ያቃጥላል። ከክምሩ ሥር ቡናማ ፈሳሽ እየተንጠፈጠፈ ጫማዋ ሥር ይተኛል። ዝንቡ ከፋንድያው ተነሥቶ የሟቹ ከንፈር ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ደግሞ እሷ ከንፈር ላይ። እንትፍ አለችና አፏን በመሐረብ ሸፈነች።

«ከኋላ ጭንቅላቱን ተመትቶ ነው» አለ ሐኪሙ። «ገላው ገና ይሞቃል። ከተገደለ ብዙም አልቆየም፤ ከቀትር ወዲህ ነው እላለሁ።»

ሟቹ ጥቂት ፈረሶች ያረባ ነበር። ፋንድያቸውን እያገላበጠ አብላልቶ በትንሿ ማሳው ላይ ይበትናል፤ የተረፈውን ለጎረቤት ይሰጣል። ሚስቱ የጋጣው ደፍ ላይ ተቀምጣለች፤ እጇ እስከ ክርኗ ድረስ በፋንድያ ተለውሷል።

«እሷ ናት!» ብላ ወደ አትክልተኛዋ ጠቆመች። «ሰው ሁሉ እየሰማ ‹በገዛ ፋንድያህ ነው የምቀብርህ› ብላዋለች!»

«ብያለሁ፣ አልክድም» አሉ አሮጊቷ። «የሰጠኝን ፋንድያ ብበትን ቲማቲሜ ሁሉ ተጨማደደ። ቅጠሉ እንደ ጡጫ ተጠቅልሎ ቀረ። ፋንድያ ያልነካው መደብ ደህና ነው። ታዲያ ምን ልበለው፣ እግዜር ይስጥልኝ?»

«ከቀትር በኋላ የት ነበሩ?» አለች መርማሪዋ።

«መደቤ ላይ፣ ብቻዬን። ማን ይመስክርልኝ፣ ቲማቲሙ?»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ከከተማ የደረሰው ገና አሁን ነው። የሣር ድርቆሽ አምርቶ ለአካባቢው ፈረስ አርቢ ሁሉ ይሸጣል፤ የወንድሙም ፈረሶች የሚበሉት የእሱን ነው። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ከዚያ ሁሉ ክርፋት መሐል ሳሙና ሳሙና የሚሸተው እሱ ብቻ ነበር።

«ጋሼን ረፋዱ ላይ መንገድ ላይ አግኝቼው ነበር እኮ!» እያለ ያለቅሳል። «‹እቆያለሁ፣ ለሚስቴ ንገርልኝ› አለኝ። መጥቼ ነገርኳት። ጋጣውን ብቻዋን ስትጠርግ ባያት አንጀቴ አልችል አለ፤ ጋሪውን ገፋሁላት። ከዚያ ከተማ ነው የዋልኩት። ያየኝ ሰው ብዙ ነው።»

«እውነቱን ነው» አለች ሚስቲቱ። «ባሌ ሁልጊዜ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ክምሩን ያገላብጣል። ዛሬ ብወጣ መንሹ ብቻውን ተተክሏል። ልጨነቅ ስል ይሄ መጥቶ መልእክቱን ነገረኝ።»

«ከጋጣው ያወጣችሁትን የት ደፋችሁት?»

«ክምሩ አናት ላይ። ሰጋቱራው ከብዶኝ ነበር፤ እሱ ባይረዳኝ አልጨርሰውም።»

«ሁልጊዜ ሰጋቱራ ነው የምታነጥፉት?»

«የለም፣ ጭድ ነበር። ሰጋቱራ ያመጣነው ትናንት ነው።»

መርማሪዋ ወደ ክምሩ ተመለሰች። ፖሊሶቹ ሬሳውን ከጎን በጎተቱበት በኩል ክምሩ እንደ ተቆረሰ ዳቦ ተከፍቶ ውስጡ ይታያል። እንፋሎት ይወጣዋል፤ ነጫጭ ትሎች በፍርስራሹ ላይ ይርመሰመሳሉ። ጓንቷን አወለቀች፤ ዓይኗን ጨፍና ክንዷን ሰደደች። ፋንድያው በጣቶቿ መሐል ይሾልካል። ቢሆንም እጇን እስኪያቃጥላት አላወጣችም። ከዚያ ሟቹ ላይ ጎንበስ ብላ ፀጉሩን በጣቷ ፈለፈለች፤ አንገትጌውን ገልጣ አየች።

ከጋጣው መስኮት ላይ የተደረደሩ ጣሳዎች ዓይኗን ሳቡት።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«ባቄላ» አለች ሚስቲቱ። «ሰሞኑን እንደ ሕፃን በጣሳ ይዘራ ጀመር። ስቄበት ነበር።»

መርማሪዋ ጣሳዎቹን አቅፋ ሁሉንም ክምሩ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ሐኪም፣ እጅህን እዚህ ክተት።»

ሐኪሙ ፊቱን አጨማዶ ነካ አደረገና እጁን መነጨቀ። «ያቃጥላል!»

«ሬሳውን ያሞቀው ይሄ ነው። የቀትሩን ነገር እንተወው። አሁን ወደዚህ ተመልከቱ። ከላይ ያለው ሰጋቱራ ያለበት ፋንድያ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ጭድ ያለበት። ሁለቱ አልተደባለቁም። ከረፋዱ በኋላ ቆፍሮ የቀበረው ሰው ቢኖር ይደባለቁ ነበር። ሟቹም ፀጉሩ ውስጥ፣ አንገትጌው ውስጥ ያለው ጭድ ብቻ ነው። የዛሬው ፋንድያ ሲደፋ እሱ ከታች ነበር።»

ሚስቲቱ እጆቿን አየች።

«አንተ ግን» አለች መርማሪዋ ወደ ወንድሙ ዞራ «ረፋዱ ላይ አነጋገርከው። የሞተ ሰው መልእክት ሰጠህ?»

«እኔ… ተምታቶብኝ ይሆናል። ትናንት ይሆናል ያገኘሁት።»

«መልእክቱን ያደረስከው ዛሬ ነው።»

«በምን ምክንያት ነው የገዛ ወንድሜን የምገድለው?»

«በዚህ።» ጣሳዎቹን መሬት ላይ ደረደረች። «ይሄኛው ባዶ አፈር ነው፤ ባቄላው ቀጥ ብሏል። ይሄ ፋንድያ አለበት፤ ተጠቅልሏል። ይሄ ደግሞ ፋንድያ የለበትም፤ የተከተፈ ድርቆሽ ነው ያለበት። እሱም ተጠቅልሏል። ሣርህ ላይ ፀረ-አረም ረጭተሃል። ፈረሱን አይገድለውም፤ በሆዱ አልፎ ፋንድያው ውስጥ ይወጣል፤ ከዚያ የሰው አትክልት ይፈጃል። ወንድምህ ደረሰበት።»

«ቲማቲሜን!» አሉ አሮጊቷ ቀስ ብለው።

ሰውየው ማልቀሱን ተወ። እንባው ድንገት ደረቀ።

«ላስረዳው ነበር በሌሊት የመጣሁት» አለ። «‹ጎረቤቴን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ድርቆሹን የገዛህም ሁሉ ይወቅ› አለኝ። ማንም ዳግመኛ በሬን እንደማያንኳኳ እያወቀ! ይሄን ሲለኝ ክምሩን እየቆፈረ ነው፤ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። አካፋው አጠገቤ ነበር። ጉድጓዱን ራሱ ከፍቶታል። እኚህ አሮጊትም በሰው ፊት ዝተውበታል…»

«ጋሪውንስ ለምን ገፋህላት?»

«ቶሎ እንዲሸፈን።»

መርማሪዋ በሥራዋ ብዙ አይታለች፤ ብዙ አሽትታለች። አሁን ግን ወደ አጥሩ ሮጣ አስታወከች። ስትመለስ በሰውየው አጠገብ ላለማለፍ የፋንድያው ፈሳሽ ባቆረው ኩሬ በኩል ዞረች፤ ፖሊሶቹ ሲወስዱትም ፊቱን ማየት አስጠላት።

ሚስቲቱ እጆቿን የሌላ ሰው ይመስል ከገላዋ አርቃ ይዛ ቆማለች።

«በዚህ እጄ ነው የደፋሁበት። በዚህ እጄ። እየዘፈንኩ ነበር እኮ!»

አሮጊቷ አትክልተኛ በአጥሩ ሾልከው መጥተው ክንዷን ያዟት።

«እትዬ፣ እኔ እኮ እርስዎን ነፍሰ ገዳይ…»

«ዝም በይ፣ ልጄ። ነይ።»

ቧንቧው ጋ ወስደው ከፈቱት። እጅጌዋን ጠቀለሉላት፤ ክንዷን አሹላት፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈለቀቁ፤ ከጥፍሯ ሥር ያለውንም በራሳቸው ጥፍር እያወጡ አጸዱላት። ውኃው ጠርቶ መውረድ ከጀመረ በኋላም ማሸታቸውን አላቆሙም።