የአንካሳው ወታደር ጫማ

አንጋፋው ተዋናይ ጠዋት ከመድረኩ ደረጃ ሥር በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ። በቴአትሩ የሚጫወተውን አንካሳ ወታደር ካፖርትና ጫማ አድርጓል። መርማሪው ብቻውን ተንበርክኮ የቀኝ ጫማውን አወለቀና ከውስጡ መዳፍ የምታህል ጠፍጣፋ ብረት አወጣ። የካፖርቱን ኮሌታ ገልጦ አየና ብረቷን ኪሱ ከተታት።

ሁለት ፖሊሶች ልብስ ሰፊዋን ሊወስዱ በስፌት ክፍሏ በር ላይ ቆመዋል። ጫማው አደናቅፎ ጣለው ተብሏል፤ ብረቱን ጫማው ውስጥ የምትጨምረው እሷ ናት።

«እናቴ፣ ብረቱ ለምን አስፈለገ?» አላት መርማሪው።

«ጋሼ ማነከሱን እየረሳ በደህና ይሄድ ነበር። ብረቱን ከጨመርኩለት ወዲህ እግሩ ራሱ ያስታውሰው ጀመር። ማነከሱ ከእግሩ ወደ ወገቡ፣ ከወገቡ ወደ ድምፁ ወጣ። ካፖርቱን ከደረበማ እኔንም አያውቀኝም፤ ‹አንቺ ሴት› እያለ ይቆጣኛል።» መርማሪውን ቀና ብላ አየችው። «ልጄ፣ እኔ ነኝ እንዴ የገደልኩት?»

«ብረቱ የት ነው የሚቀመጠው?»

«እዚህ መሳቢያ ውስጥ። ቁልፍ የለውም፤ ሁላችንም እናውቃለን።»

«በየትኛው እግሩ ነበር የሚያነክሰው?»

«በግራ።»

ተተኪው ተዋናይ ሳይጠየቅ ካልሲውን አወለቀ። «ጋሼ ሲታመሙ ሁለት ቀን ተጫምቼዋለሁ። ይኸው፣ ግራ ተረከዜን ልጦታል። እንደ ዳክዬ ስሄድ አይተው በሳቅ ሊሞቱ...» አንገቱን ደፋ። «እትዬን ግን ይተዉአት።»

አዘጋጁ ከመድረኩ ፊት ለፊት፣ ሁልጊዜ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ነበር።

«ያ ጫማ ነው የገደለው» አለ። «ማልዶ ብቻውን ሲለማመድ አደናቀፈው። ስንቴ ተይ አልኳት፤ ሰሚ የለም።»

«በየትኛው እግሩ ነበር የሚያነክሰው?»

«በቀኝ።» የልምምድ ደብተሩን ገልጦ የጻፈውን አሳየ። «እኔ በግምት አልሠራም፣ ወንድሜ።»

መርማሪው ሦስቱንም መድረክ ላይ ሰበሰበ።

«የሟቹ ሸሚዝ ኮሌታ በደም ርሶ ደርቋል፤ በላዩ ያለው የካፖርቱ ኮሌታ ግን ንጹሕ ነው። ስለዚህ ካፖርቱ የተለበሰው ደሙ ከደረቀ በኋላ ነው። ሬሳ ደግሞ ራሱን አያለብስም። ያለበሰው ሰው ነገሩ በጫማው እንዲላከክ ብረቱን ጨመረበት፤ ግን በቀኙ ጨመረው።»

«በቀኙ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እርስዎ በእጅዎ ሲያስገቡ ኖረዋል፤ አይሳሳቱም። ለዚህ ልጅ ተረከዙ ይመሰክርለታል። የቀረው ልምምዱን ሁሉ ከፊት ለፊት ያየ ሰው ነው። ፊት ለፊት የቆመ ሰው ግራ እግሩ በተመልካቹ ቀኝ በኩል ይውላል። አዘጋጁ ያዩትን ጻፉ፤ የጻፉትንም አመኑ።»

አዘጋጁ ደብተሩን አጥብቆ ያዘ። ከዚያ ደረጃውን እያየ ተናገረ።

«ቴአትሩ ሊከፈት አምስት ቀን ሲቀረው ‹ሌላ ቴአትር ቤት ልሄድ ነው› አለኝ። ገፋሁት እንጂ ልገድለው አላሰብኩም።»

«ከገፉት በኋላስ?» አለ መርማሪው። «እኚህ ሴት በእርስዎ ፋንታ ሊታሰሩ ነበር እኮ።»

አዘጋጁ ደብተሩን መድረኩ ላይ አስቀመጠ። ፖሊሶቹ በልብስ ሰፊዋ አጠገብ አልፈው ግራና ቀኝ ያዙት።

«ሃያ ዓመት አብረን ሠራን» አለችው። «ምናለ አንድ ቀን እንኳ መድረኩ ላይ ወጥተህ ከጎኑ ብትቆም።»