ከዜሮ በላይ ሳለ

ቁጥሩ ከአራት ወደ ሦስት ሲወርድ የቁንጫም ልብ አብሮ ወረደ።

በእናቷ የምርምር ጣቢያ ያለው ማቀዝቀዣ ቁም ሣጥን ያክላል። ውስጡ የእናቷ የስንዴ ችግኞች በየሳህናቸው ተደርድረዋል፤ በሩ ላይ ያለችው ቀይ ቁጥር ሙቀቱ ቀስ እያለ ሲቀንስ ታሳያለች። ዜሮን አልፎ ገና ብዙ ይወርዳል። ከዚያ ወጥተው መልሰው ያቆጠቆጡት ዝርያዎች ይመረጣሉ፤ የሞቱት ይጣላሉ። እናቷ ውርጭ የሚችል ስንዴ ለማግኘት ስትል ዓመታት ሙሉ አንዱን ዘር ከሌላው ስታዳቅል ኖራለች።

ቁንጫ የሚሏት አንድ ቦታ አርፋ ስለማትቀመጥ ነው። ዛሬ ግን እግሯ ወለሉ ላይ ተተክሎ ቀረ።

«ምን ሆንሽ? ፊትሽ አመድ መሰለ» አላት የአክስቷ ልጅ።

«ይሞታሉ።»

«ብርድ ይችላሉ አላልሽም እንዴ?»

«ሲለማመዱ ነው ያልኩህ!»

እውነቷን ነው። ስንዴ ድንገት ቢበርደው እንደማንም ይሞታል። ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ሳምንታት ሲቆይ ግን ስኳር ያጠራቅማል፣ በውስጡ ያለውን ውሃ ይቀንሳል፣ ቅጠሉን አፈሩ ላይ አንጥፎ ውርጩን ይጠብቃል። መሀል ላይ ሙቀት ካገኘ ደግሞ የብርዱ ወቅት ያለፈ መስሎት ትጥቁን ይፈታል።

ዓርብ ዕለት ሁለቱ ልጆች፣ ችግኞቹ ብርድ ሲለማመዱ ወደቆዩበት ቀዝቃዛ ክፍል የገቡት ለፎቶ ነበር። ከአፋቸው እንደ ጭስ ቡልቅ የሚለውን ትንፋሽ ሊያነሱ። በሩ እንዳይቆለፍባቸው ፈርታ ባልዲ ያስደገፈችው ራሷ ቁንጫ ናት። ሲወጡ በሳቅ እየፈረሱ ባልዲውን እዚያው ረሱት። እሑድ ከእናቷ ጋር ስትመጣ ቀድማ ገብታ ክፍሉን እንደ ሳሎን ሞቆ አገኘችው። ባልዲውን ወደ ቦታው መለሰች፣ በሩን ዘጋች፣ አፏንም ዘጋች። ሲነጋ ክፍሉ ተመልሶ ስለቀዘቀዘ ማንም አልጠረጠረም። ዛሬ ከሰዓት ደግሞ እናቷን እንግዶች እየጠበቋት ነበርና ሳህኖቹን ልብ ብላ ሳታይ በጥድፊያ ማቀዝቀዣው ውስጥ አስገብታ፣ ማሽኑን አስነስታ ወደ ስብሰባው ሮጠች።

«ቅጠላቸው እኮ ቀና ብሏል» አለ ልጁ በመስታወቱ አጮልቆ። «እንዲያውም አምሮባቸዋል።»

ቁንጫን ያስፈራት ይሄው ማማራቸው ነው። ብርድ የለመደ ስንዴ ቀና አይልም።

ቁጥሩ ሁለት ሆነ።

«በቃ ሶኬቱን ልንቀለው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መብራት ጠፋ እንላለን። ማን ያውቃል?»

ቁንጫ ልቧ ዘለለ። እንዴት ያለ መላ ነው! ማንም አይቆጣ፣ ማንም አይሞት። ልጁ አጎንብሶ ሶኬቱን ያዘ።

«ተው!» አለችው ሳታስበው። «እሺ ነገስ?»

«ነገ ምን?»

«ነገ እናቴ መልሳ ታስነሳዋለች። እንደገና ብርዱን እስኪለምዱ ስንት ሳምንት ይፈልጋሉ። ካላወቀች ማን ይጠብቃቸዋል?»

«ታዲያ ልትነግሪያት ነው? አብደሻል? ትገድልሻለች!»

ብትጮህባት በወደደች። እናቷ ስትናደድ ዝም ነው የምትለው፤ ያ ዝምታ ቤቱን ሞልቶ ምግብ እንኳ አያስውጥም። ቁንጫ ፈራች። ቁጥሩ ደግሞ የእሷን ፍርሃት አይጠብቅም፤ አንድ ሆነ።

ኮሪደሩን በሩጫ ጨረሰችው። የስብሰባው ክፍል በር ላይ ስትደርስ ግን ቆም አለች። ከውስጥ የእናቷ ድምፅ ይሰማል።

«አንዷን ዝርያ ብታዩዋት!» ትላለች እየሳቀች። «ባለፈው ውርጭ ማሳው እንዳለ ሲቃጠል እሷ ብቻ ቀረች። ዛሬ ደግሞ ማሽኑ ይፈትናታል።»

እንግዶቹ አጨበጨቡ። ቁንጫ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ዞር ብላ ብታይ የአክስቷ ልጅ ከኮሪደሩ ጫፍ ሆኖ «ነይ፣ ነይ» እያለ በእጁ ይጠራታል። ሶኬቱን መንቀል አሁንም ይቻላል።

በሩን አንኳኳች፤ ስትገባ ሁሉም ዞሮ አያት።

«ምነው የኔ ልጅ?» አለች እናቷ፣ ፊቷ እንደፈካ።

ቁንጫ እናቷ ፊት ቆመች።

«እማዬ፣ ማሽኑን አስቁሚው» አለች። «ቀዝቃዛው ክፍል ተከፍቶ ነበር፤ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ስንዴዎቹ ሞቋቸዋል።»