ተራው የእነ ድርቤ ነበር

«ቅመሺው» አለ የወህኒ ቤቱ ዘበኛ።

ድርቤ የአገልግሉን ክዳን ከፈተች። ከእንጀራው ጫፍ ቆርሳ ወጥ አስነካችና አፏ ውስጥ ከተተችው። ዘበኛው ምግቡ ውስጥ መርዝ አለመኖሩን የሚያረጋግጠው እንዲህ ነው፤ እስክትውጥ ድረስ ዓይኑን ከጉሮሮዋ ላይ አልነቀለም። እሷ ግን ጉርሻውን ደጋግማ ታላምጣለች።

«ምነው? የሰው ቤት ምግብ ነው እንዴ?»

«የእናቴ ነው» አለችና በግድ ዋጠችው።

ምግቡ የመጣለት ታፋ የሚጠይቀው ዘመድ የለውም። ድሮ በጊምቢ መንገድ ነጋዴ የሚዘርፍ ሽፍታ ነበር። ተይዞ አሥራ አንድ ዓመት ታሰረ። እዚያው እስር ቤት ውስጥ ፊደል ቆጠረ፣ ወንጌል አነበበ፤ ሲፈታም ነቀምት መጥቶ የቤተ ክርስቲያን ግቢ እየጠረገ መኖር ጀመረ። ድርቤን ጨምሮ የሰፈሩን ልጆች መዝሙር ያስጠናቸው እሱ ነው። የነጋዴው የአበጋዝ የቡና መጋዘን ተቃጥሎ ሽማግሌው ጥበቃ ጨመዳ እሳቱ ውስጥ ሲሞት፣ ፖሊስ ሌላ ሰው ሳይጠይቅ ታፋን ይዞ ሄደ። የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ምሳ ሊያደርሱለት ተራ ገቡ። ዛሬ፣ በዘጠነኛው ቀን፣ ተራው የእነ ድርቤ ነበር።

መጋዘኑን ያቃጠለው የድርቤ ወንድም ባቻ ነው።

ታፋ የእግር ብረቱን በገመድ ከፍ አድርጎ ይዞ እየተንፏቀቀ ወጣ። ፊቱ ከስቷል፤ አንደኛው ዓይኑ አብጧል።

«አካም ጂርታ፣ ልጄ?» ሲል ደህንነቷን ጠየቀ።

«ፈያ፣ ደህና ነኝ፣ ኦቦ ታፋ።»

አገልግሉን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው፤ ግን አልነካውም።

«ትናንት ኦቦ ጆቴ መጥተው ነበር» አላት። ጆቴ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው። «ያደረግኸው አንተ ከሆንህ ንስሐ ግባ፣ እግዚአብሔር መሐሪ ነው አሉኝ። የፖሊሱ ዱላ እንደዚያ አላመመኝም። ባልሠራሁት ምን ብዬ ንስሐ ልግባ?»

ድርቤ የአገልግሉን ክዳን አነሣችለት።

«ነገ ጠዋት መርማሪው ይመጣል። አዎ፣ እኔ ነኝ ልለው ነው።»

«ለምን?» አለችው።

«ደከመኝ፣ ልጄ። የሚያምነኝ ሰው የለም። ድሮም የሰው ደም እጄ ላይ አለ፤ ቢሰቅሉኝም ለዚያኛው ይሁን።» አንገቱን ደፋ። «አንድ ነገር ብቻ ይገርመኛል። ያኔ የሠራሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ለዳኛው የተናገርኩ ቀን፣ በእግር ብረት እንደታሰርኩ ለጥ ብዬ ተኛሁ። ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት ጫካ ውስጥ እንደ ልቤ ስሆን እንቅልፍ የሚባል አላውቅም ነበር። አሁን ደግሞ ውሸቱን ሳልናገረው ገና ከወዲሁ እንቅልፍ ከዳኝ።»

አገልግሉን ሳይቀምሰው መለሰላት። «ለእናትሽ እግዜር ይስጥልኝ በያት።»

ድርቤ ሙሉውን አገልግል ይዛ ቁልቁለቱን ወደ ቤቷ ወረደች።

እናቷ የሺአረግ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የተቀቀለ የአንጮቴ ሥር ትልጣለች።

«በላ?» አለች ቀና ሳትል።

«አልበሉም። ነገ አዎ፣ እኔ ነኝ ያቃጠልኩት ሊሉ ነው።»

የእናቷ ቢላዋ ቆመ። በፊቷ ላይ ለአፍታ ብልጭ ብሎ ያለፈውን ነገር ድርቤ አየችው፤ እፎይታ ነበር። የሺአረግም ልጇ እንዳየችባት ገባትና ፊቷን አዞረች።

ከቃጠሎው ወዲህ ባቻ ከጓዳ ወጥቶ አያውቅም። ጎረቤት ሲጠይቅ «ወባ ነው» ይባላል። መጋዘኑ በተቃጠለ ማግስት እናቷ ሸሚዙን ምድጃ ውስጥ ከታ ስታቃጥል ድርቤ ደርሳባት ነበር። ማንም የነገራት ነገር የለም፤ የነገራት የላምባው ሽታ ነው።

ጓዳ ገባች። ባቻ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኝቷል።

«ሰማሁሽ» አለ ሳትናገረው። «ጨመዳ መጋዘኑ ውስጥ መኖሩን አላወቅሁም። ዝናብ ነበር፤ ደጃፉ ላይ ሳጣው ቤቱ የሄደ መሰለኝ። አበጋዝ በጫኞቹ ሁሉ ፊት በጥፊ መትቶ ሌባ ብሎ አባረረኝ፤ ቡናው ሲነድበት ማየት ብቻ ነበር የፈለግሁት። እሳቱ ከተያያዘ በኋላ ከውስጥ ሳል ሰማሁ። በሩን ልከፍት ተመለስኩ። ከዚያ ነበልባሉ ሲመጣብኝ ሮጥኩ። ሳሉ እየተሰማኝ ሮጥኩ፣ ድርቤ።»

የሺአረግ ከኋላ ገባች። «በቃ፣ አታስለፍልፊው። ነገ ጎህ ሲቀድ ከነጋዴዎች ጋር ወደ አንገር ቆላ ይወርዳል። አጎቱ ይቀበለዋል፤ ተነጋግሬ ጨርሻለሁ።»

«እሱ ከሄደ እኔ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ፣ አዮ» አለቻት ድርቤ እናቷን።

የሺአረግ አልጮኸችም፤ አልመታቻትምም። መሬት ላይ ተደፍታ የልጇን እግር ያዘች። ድርቤ ልጅ የእናቱን እግር ሲይዝ አይታ ታውቃለች፤ እናት የልጇን እግር ስትይዝ ግን አይታ አታውቅም።

«ይሰቅሉታል» አለች እናቷ። «አባታችሁን ቀብሬአለሁ። ሁለተኛ አታስቀብሪኝ፣ ልጄ።»

ድርቤ እናቷን ልታነሣት ሞከረች፤ አቃታትና አጠገቧ ተቀመጠች። እሺ ብትላት ሁሉም ያበቃል፤ ባቻ ይተርፋል፣ እናቷ ከመሬት ትነሣለች። አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«ኦቦ ታፋ እግዜር ይስጥልኝ ብለውሻል።»

የእናቷ እጅ ከእግሯ ላይ ቀስ እያለ ላላ።

ከዚያ ድርቤ ወደ ባቻ ዞረችና ታፋ ስለ እንቅልፉ የነገራትን ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረችው። ባቻ ጀርባውን እንደሰጣት አዳመጠ።

«እኔንስ እግዚአብሔር ይምረኛል?» አለ። «ሰው ሞቷል እኮ።»

«አላውቅም» አለች ድርቤ። ልታጽናናው ብላ መዋሸት አልፈለገችም። «ኦቦ ታፋን ምሯቸዋል። እሳቸውም ሰው ገድለው ነበር።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የነጋዴዎቹ በቅሎዎች በደጃፋቸው አለፉ። አንዱ ሰው ቆም ብሎ «ባቻ!» እያለ ተጣራ። መልስ ሲያጣ ጓደኞቹን ተከትሎ ሄደ። የሺአረግ የታጠበ ሸሚዝ አምጥታ ልጇን እንደ ሕፃን አለበሰችው፤ ቁልፎቹንም አንድ በአንድ ቆለፈችለት። ነጠላዋን አጣፋች። ሦስቱም ወጡ። መንገድ ላይ ያገኟቸው ሰዎች «ወባው ተሻለህ?» እያሉ ባቻን ጠየቁት፤ እሱ ጭንቅላቱን ብቻ ነቀነቀ።

ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር አንድ አምሳ አለቃ ተቀምጧል። መርማሪው ወደ ወህኒ ቤት ሊወጣ በር ላይ ጫማውን ያስራል።

«ምን ነበር?» አለ አምሳ አለቃው።

ባቻ አፉን ከፈተ። ድምፅ የለም። ዓይኑ ወደ በሩ ሄደ፤ በሩ ክፍት ነበር፤ ደጁ ላይ እናቱ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ከዚያ እህቱን አያት።

አምሳ አለቃውም አያት። «እሱ ዲዳ ነው እንዴ? በይ አንቺ ተናገሪ፤ ሥራ አለብን።»

ቃሉ ከትናንት ጀምሮ ምላሷ ላይ ነበር። ወንድሜ ነው ብትል በቃ፤ ታፋ ይፈታል፣ ይህ ጭንቅ ያልቃል። መርማሪው ጫማውን አስሮ ጨርሶ ቀና አለ። ድርቤ ባቻን ተመለከተችው። ታፋ እውነቱን ተናግሮ የተኛው ዓይነት እንቅልፍ፣ ለባቻ ሌላ ሰው ቢናገርለት የሚመጣ አይደለም።

«እሱ ነው የሚናገረው፣ ጌታዬ» አለች። «ጥቂት ይታገሡት።»

እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ከአጠገቡ ቆመች። አምሳ አለቃው ግንባሩን ቋጥሮ ሁለቱንም አፈራርቆ ካያቸው በኋላ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ።

ባቻ ትንፋሹን ሳበ።